ጓሮ ውስጥ የተሠራችው ጀልባ

ሥራውን ያገኘችልኝ ኢየሩሳሌም ውስጥ ቂርያት ሃዮቨል በሚባለው ሰፈር ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የምትኖር ጎረቤቴ ናት። እሷ ራሷ ሽማግሌዎችን እየረዳች ነበር የምትኖረው። «አንድ ሽማግሌ አሉ። ሚስታቸው ሞታ ብቻቸውን ነው ያሉት። ቤታቸው ከኢትዮጵያ ጎዳና ገባ ብሎ ነው፤ ለእኔ ሰዓቱ አይመቸኝም፣ አንቺ ሂጂ» አለችኝ።

«ሥራው ምግብ መሥራትና ቤት ማጽዳት ነው አይደል?» ብላት ሳቅ አለችና «ነው። ሌላውን ስትሄጂ ታይዋለሽ» አለች።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ከደንቢያ የመጣሁት ከልጄ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ባሌ ቀደም ብሎ በሱዳን በኩል ሲወጣ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ መቃብሩን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። መጀመሪያ መቫሰረት ጽዮን፣ አዲስ ገቢዎች የሚያርፉበት ማዕከል ውስጥ ቆየን። በኋላ ቤት ሲሰጠኝ ልጄ ፐኒሚያ ገባች፤ ተማሪው እዚያው እያደረ የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜን ለማሳለፍ ትመጣለች። በመጣች ቁጥር አማርኛዋ እየሳሳ ሄደ። እኔ ደግሞ ዕብራይስጤ ገበያ ላይ ቲማቲም ከመግዛት አያልፍም ነበር። ስለዚህ አብረን ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እናያለን። እሷ ስትሄድ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እስከሚቀጥለው ጊዜ ድረስ የራሴን ድምፅ የምሰማው አውቶቡስ ውስጥ ሹፌሩን ሰላም ስለው ነው።

የሽማግሌው ቤት ዝቅ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። በረጅም አጥር የተከበበ ጓሮ አለው፤ ከአጥሩ በላይ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቻቸው በእሳት ጠባሳ የተዥጎረጎሩ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲበይዱ የኖሩ መሆናቸውን ጎረቤቴ ነግራኛለች። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ በአፌ «አንተ» እላቸው ነበር። በልቤ ግን አንቱ ስለነበሩ እዚህም እንደ ልቤ ነው የምጽፈው።

የወጥ ቤቱን መስኮት ስከፍት ጓሮው ውስጥ በሸራ የተሸፈነ ረጅም ነገር አየሁ። አውቶቡስ የቆመ ነው የመሰለኝ።

«ያ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ጀልባ ናት።»

የተሳሳተ ቃል የሰማሁ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅሁ። ሸራውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። በእውነትም ጀልባ ነበረች፤ ግን እንደዚያ ያለች አይቼ አላውቅም። ከታች ጥቁር ብረት፣ ከላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ትንሽ ቤት። ርዝመቷ ከአውቶቡስ ጥቂት ያንሳል። ወርዷ ግን እጆቼን ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ይነኩ ነበር። በከባድ እንጨቶች ላይ ተቀምጣለች። ኢየሩሳሌም ባሕርም ሐይቅም የላትም። ወንዝ ቢባል በክረምት ሁለት ሳምንት የሚወርድ ጎርፍ ነው።

«ማን አመጣት?»

«ማንም አላመጣትም፤ እዚሁ ነው የሠራኋት» አሉኝ።

ታሪኳን በአንድ ቀን አልነገሩኝም። ዕብራይስጤ እየጠነከረ ሲሄድ ጥቂት በጥቂት ነው የሰማሁት። የተወለዱት ጀርመን አገር ነው። ከጦርነቱ በፊት ወላጆቻቸው በባቡር ወደ እንግሊዝ ላኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ወላጆቻቸውን አላዩም። ትንሽ ከፍ ሲሉ ሠራተኛ በጠፋበት በጦርነቱ ጊዜ የድንጋይ ከሰል በሚጭኑ ጀልባዎች ላይ ሥራ ያዙ። እዚያ አገር ሰው የቆፈረው፣ እንደ መንገድ ጠባብ የሆነ የውኃ ቦይ ከከተማ ከተማ ይሄዳል አሉኝ። ጀልባዎቹም ለዚያ ሲባል ቀጫጭን ናቸው። ከኋላ ባለችው ክፍል ብቻቸውን ያድሩ ነበር።

«ተኝቼ እጄን ስዘረጋ ምድጃው ይደርስልኛል» አሉኝ አንድ ቀን። «ከዚያ በኋላ ትልልቅ ቤት ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ የሞቀኝ ግን የለም።»

ሚስታቸው ስትሞት ብረት አስጭነው መጡና ጓሮው ውስጥ መበየድ ጀመሩ። የጨረሷት እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። «ወዴት ልትወስዳት ነበር?» ስላቸው ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉና «መሥራቱን እንጂ መውሰዱን አላሰብኩበትም» አሉ።

እኔ የተቀጠርኩት ለቤቱ ነው። ጀልባዋን እንዳልነካ ለራሴ ነግሬው ነበር። አንድ የጥቅምት ቀን ግን ጓሮ ወጥቼ ባይ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው የሽቦ ብሩሽ ይዘው መነሣት አቅቷቸዋል። ለመጣራት አፍረው ዝም ብለው ነበር የቆዩት። በብብታቸው ይዤ አነሣኋቸው፤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ብሩሹን ከእጃቸው ወሰድኩና እሳቸው ከተዉበት ቀጠልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ያዛሉ፣ እኔ እሠራለሁ።

ብረት እንዲህ ሥራ የሚፈልግ መሆኑን አላውቅም ነበር። ዝገቱ በትንሽ ጉብታ ይጀምራል፤ ቀለሙ ሲነፋ ያዩታል። ያን ፍቆ እስኪያበራ ማጽዳት፣ መጀመሪያ ቀዩን ቀለም መቀባት፣ ሲደርቅ ሬንጁን ማልበስ ነው። ውጭውን ዓይን ስለሚያየው ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ውስጡ ነው። በክረምት ኢየሩሳሌም ስትበርድ ብረቱ በውስጥ በኩል ያልበዋል። ላቡ በግድግዳው ወርዶ ከወለሉ ሥር ይጠራቀማል። የወለሉን ጣውላ አንሥቼ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ በጨርቅ እየመጠጥኩ ባልዲ ውስጥ እጨምቃለሁ። የምድጃውን ጭስ ማውጫ እጠርጋለሁ። ባትሪው ውኃ ሲጎድለው እጨምራለሁ። ውኃ የሚገፋው የብረት ክንፍ ከሆዷ በሚወጣበት በኩል አንዲት የግሪስ ጽዋ አለች፤ እሷን በየጊዜው አንድ ዙር አጠብቃለሁ። «ውኃ ውስጥ ብትሆን በዚያ በኩል ነው ውኃ የሚገባት» ይሉኝ ነበር። ውኃ ውስጥ እንደማትገባ እያወቅን ሁለታችንም ነገሩን ከልብ እንይዘው ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ምሳችንን እዚያው እንበላለን። ጠባብ ስለሆነች ጉልበታችን ሊነካካ ይደርሳል። ብዙ ቀን ምንም ሳንነጋገር ነበር የምንበላው። ቤት ውስጥ ስልኩ ቢጠራ በጓሮው ይሰማል። የሚጠራው ግን አልፎ አልፎ ነው፤ ውጭ አገር የሚኖረው አንድ ልጃቸው ለበዓል ሲደውል።

በወር አንድ ጊዜ ሞተሩን እናስነሣ ነበር። ናፍጣው በደንብ እስኪቀጣጠል ጥቁር ጭስ ይተፋል። አንድ ቀን ጭሱ ከአጥር በላይ ወጥቶ ሰማዩን ሲያጠቁር የጓሮው በር ተንኳኳ፤ መልስ ሳንሰጥ ተከፈተ። አንድ መነኩሴ ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዘው ገቡ። ሮጠው ስለመጡ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ርሷል።

በተሰባበረ ዕብራይስጥ «እሳት! የት ነው እሳቱ?» አሉ።

«እሳት አይደለም አባ፤ ሞተር ነው» አልኳቸው በአማርኛ።

ባልዲውን አስቀመጡ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጀልባዋን አዩ። «አገርሽ የት ነው?» አሉኝ።

«ደንቢያ።»

«እኔ ጣና ደሴት ላይ ነው ያደግሁት» አሉና ቀስ ብለው ወደ ጀልባዋ ሄደው ብረቱን በመዳፋቸው ነኩት። «ታንኳ ስንሠራ ደንገሉን አድርቀን በገመድ ነበር የምናስረው። ይህቺ ብረት ናት። እንዴት ትንሳፈፋለች?»

ሽማግሌው ጥያቄውን ስተረጉምላቸው ደስ አላቸው። ወረቀት አስመጥተው ሥዕል እየሳሉ አስረዱ። እኔ መሐል ሆኜ የማላውቀውን ነገር በቅጡ ከማላውቀው ቋንቋ ወደማውቀው እመልሳለሁ። መነኩሴው ውኃ ጠይቀው ጠጡ። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኔ ቤተ እስራኤል ነን፤ በአገራችን ቢሆን እሳቸው ከእኔ እጅ አይጠጡም፤ እኔም ከእሳቸው ጋር በአንድ ዕቃ አልገናኝም። እናቴ ብታይ ኖሮ ብርጭቆውን ለብቻው ታስቀምጠው ነበር። እኔ ከሌሎቹ ጋር አጠብኩት።

ከዚያ በኋላ በዚያ ሲያልፉ አንዳንዴ ጎራ ይሉ ነበር። ቤት አይገቡም፤ ጓሮው ውስጥ ቆመው «ዛሬ የት ደረሳችሁ?» ይላሉ። ስለ ሐይቁ እንጫወታለን፤ ጠዋት ጠዋት ስለሚነሣው ነፋስ፣ ስለ ዓሣ ሽታ። ሳምንቱን ሙሉ አማርኛ የማወራው ከእሳቸው ጋር ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ ሽማግሌው ደከሙ። ወድቀው ሆስፒታል ቆዩ፤ ሲመለሱ ከአልጋ መውረድ አልቻሉም። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ሸራው ታስሯል?» ብለው ነው። አንድ ነፋሻ ቀን እንደገና ጠየቁኝ። ወጥቼ ገመዱን አይቼ ተመለስኩ።

«ታስሯል» አልኳቸው።

«ውኃ ውስጥ ስትገባ ወደ ግራ ታዘነብላለች» አሉ።

«ለምን?»

«ምድጃውም የጋዙ ሲሊንደርም በግራ በኩል ናቸው። ከወለሉ ሥር በቀኝ በኩል ጡብ ደርድሪ። ብዙ አታድርጊ፤ እያየሽ ጨምሪ።»

«ስትገባ» ብለው ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሾርባ ይዤ ስገባ አርፈው አገኘኋቸው። ሾርባውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለማን እንደምደውል አላወቅሁም።

ቀብራቸው ላይ ሰው ጥቂት ነበር። ልጃቸው ከውጭ መጣ። ሐዘኑ ሲያበቃ ወጥ ቤት ቁጭ አድርጎ አነጋገረኝ፤ ጨዋ ሰው ነው። «ቤቱን መሸጤ ነው» አለኝ። «ጀልባዋ ግን ያንቺ ናት፤ አባቴ በስልክ ደጋግሞ ነግሮኛል። ገዢው ከመግባቱ በፊት ግን ከዚህ መውጣት አለባት።»

ለልጄ ደወልኩላት። ያኔ ወታደር ነበረች። በዕብራይስጥ «እናቴ፣ ጀልባ ምን ታደርጊበታለሽ?» አለችኝ። ተናዳ አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጋ ነው። መልሱን በአማርኛ ብነግራት አይገባትም፤ በዕብራይስጥ ደግሞ እኔ አልችለውም። «አያለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

በድምፅ ማጉያ እየጮኸ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ሰው መኪናውን አቁሞ ገባ። ዙሪያዋን ዞሮ በጣቱ መታ መታ አደረጋትና «በእሳት ቆራርጬ በአንድ ቀን አወጣልሻለሁ» አለ። «አይሆንም» አልኩት። የቤቱን ዕቃ ሁሉ ሌሎች ሲወስዱት ዝም ብዬ አይቻለሁ። እሷ ላይ ግን እጄ ያላረፈበት ቦታ አልነበረም።

ከሽማግሌው ጋር በብየዳ አብሮ የሠራ አንድ ሰው ቀብሩ ላይ አግኝቼ ነበር። ኪኔሬት ሐይቅ፣ የገሊላ ባሕር የሚባለው ዳር ይኖራል፤ የዓሣ ጀልባዎች የሚታሰሩበትን ትንሽ ቦታ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሳማክረው «አምጪያት፤ ቦታ አለኝ» አለኝ። የሽማግሌው ልጅ ክሬንና የጭነት መኪና አዘጋጀልኝ።

ከመውጣቷ በፊት ሆዷን እንደገና ሬንጅ መቀባት ነበረብኝ። ለብቻዬ ከሥሯ ገብቼ ስፍቅ ጠጠሩ ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። መነኩሴው ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩኝና «የሚረዳሽ የለም?» አሉኝ።

«የለም፣ አባ።»

ቀሚሳቸውን በገመድ ታጥቀው ብሩሽ አነሡ። ያን ቀንና ማግስቱን አብረን ቀባን። ስንጨርስ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሯል። «መንገዷ ነውና ጸሎት ላድርግላት? ቅር ይልሻል?» አሉኝ።

አሰብ አደረግሁ። «በልብዎ ያድርጉላት፣ አባ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ለጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። እኔም በራሴ መንገድ ጸለይኩ።

ክሬኑ በመጣ ቀን መንገዱ ተዘጋ። ሰው በረንዳው ላይ ወጥቶ ያይ ነበር። ጀልባዋ ከአጥሩ በላይ ተንጠልጥላ ቀስ እያለች ዞረች። ከዚያ በፊት ሆዷን ሙሉ በአንድ ጊዜ አይቼው አላውቅም ነበር። የጭነት መኪናው ላይ አረፈች። ከሹፌሩ አጠገብ ወጣሁ። መነኩሴው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እጃቸውን አነሡልኝ።

ኪኔሬት ስትገባ ተንሳፈፈች፤ ወዲያውም ወደ ግራ አዘነበለች። የሽማግሌው ጓደኛ ደንግጦ «ትገለበጣለች» አለ። «አትገለበጥም፤ ጡብ ስጠኝ» አልኩት። ጣውላውን አንሥቼ በቀኝ በኩል ደረደርኩ። አንዱን ጨምሬ ወጥቼ አያለሁ፤ ሌላ እጨምራለሁ። ቀስ በቀስ ቀና አለች። ከኋላ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ ነበር፤ የግሪሷን ጽዋ አንድ ዙር ሳጠብቃት ቆመ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ሽማግሌው እንዲያዩ ፈልጌ ነበር።

ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ከኢየሩሳሌም በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ጥብርያዶስ እሄድ ነበር። ከዚያ ሌላ አውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር። ደርሼ ገመዶቹን አያለሁ፤ ከወለሉ ሥር ያለውን ውኃ እቀዳለሁ፤ ሞተሩን አስነሣለሁ። ሥራው ሲያልቅ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ የያዝኩትን እበላለሁ። ጓሮ ውስጥ ሳለች ዝምታውን የሚካፈለኝ ሰው ነበር። እዚህ ግን ለብቻዬ ነኝ። ውኃው ብረቱን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ሰው ከውጭ የሚያንኳኳ ይመስላል፤ ደጋግሜ በሩን ከፍቼ አይቻለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ከሽማግሌው ጓደኛ ጋር ወደ ሐይቁ ወጣን። ጠዋት ጸጥ ብሎ ነበር፤ እየቆየ ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ ጠፍጣፋ ሆዷን በጥፊ ይመታ ጀመር፤ ሳህኖቹ ከመደርደሪያው ረገፉ። «ይህቺ የተሠራችው ለጠባብ ውኃ ነው» አለኝና መሪውን አዞረ። ከዚያ ወዲህ ከታሰረችበት ርቃ አታውቅም።

ልጄም አንድ ቀን አብራኝ መጣች። ከሠራዊቱ ወጥታ ቤር ሼቫ ልትኖር ልትሄድ ስትል ነው። ዙሪያዋን አየች፤ እጇን ዘርግታ ሁለቱን ግድግዳ ነካች። እኔ ስሠራ እሷ መቀመጫው ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ በአማርኛ «ደስ ይላል፤ ግን ያስፈራል» አለችኝ። «ምኑ?» ስላት የሚስማማ ቃል ፈለገች፤ አጣችው። በዕብራይስጥም አልነገረችኝም።

ዝናብ የጠፋባቸው ዓመታት መጡ። የሐይቁ ውኃ እየሸሸ ጀልባዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ጓሮው ጊዜ እንደገና በደረቅ ቀረች። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያ ጎዳና ሄጄ ስለ መነኩሴው ጠየቅሁ። በር ላይ የነበሩ አንዲት መነኩሲት «ወደ ደሴታቸው ተመልሰዋል። ታመው ነበር» አሉኝ። ሳይሰናበቱኝ መሄዳቸው አላስቀየመኝም፤ የት እንደምኖር አያውቁም ነበር። የሽማግሌው ቤት አዲስ በር ገብቶለታል።

ከጥቂት ክረምት በኋላ ውኃው ተመለሰና ጀልባዋን አነሣት። እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ከወለሉ ሥር ለመግባት ስንበረከክ፣ እኔም እንደ ሽማግሌው መነሣት አቃተኝ። የሚያነሣኝ ሰው ስላልነበረ መቀመጫውን ይዤ እየተሳብኩ ነው የወጣሁት። በዚያው ቀን ለሽማግሌው ጓደኛ «ውሰዳት» አልኩት። እሱ መረቦቹን ሊያስቀምጥባት፣ ከሰዓት በኋላም ገብቶ ሊያርፍባት ፈለገ።

ሁሉንም ነገር አሳየሁት። በክረምት ላቧ የት እንደሚጠራቀም፣ ጡቦቹን ለምን መንካት እንደሌለበት፣ የትኛው መስኮት በዝናብ እንደሚያፈስስ ነገርኩት። «እሺ፣ እሺ» ይለኛል፤ ዓይኑ ግን ውጭ ነው። ቁልፉን ሰጠሁትና ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ። ወደ ኋላ ዞሬ አላየሁም፤ መንገዱ አቀበት ስለሆነ ማየትም አይመችም።

በሚቀጥለው ወር፣ እሄድበት በነበረው ቀን፣ ሳላስበው በጠዋት ተነሣሁ። ዳቦ ቆረጥኩ፣ እንቁላል ቀቀልኩ፣ የውኃ ጠርሙሴን ሞላሁ። ጫማዬን ሳጠልቅ ነው ጀልባዋን መስጠቴ ትዝ ያለኝ። ጫማውን አወለቅሁና ዳቦውን ከከረጢቱ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ በላሁ። ታች ጎረቤቴ በሯን ቆልፋ ወደ ሥራ ስትወርድ ይሰማኝ ነበር።